አረቄ በአዋጅ ይከልከል ወይስ መንደሩ ይወስን? ለጎጃም ዕድሮችና ቀበሌዎች የንጽጽር መመሪያ

በእኛ አገር የጠላ ቤት ምልክቱ ጽሑፍ አይደለም። በር ላይ ዘንግ ይተከላል፣ ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። ጣሳው ካለ ጠላ አለ። ከወረደ ወይ ጋኑ ተሟጧል፣ ወይ ቤቱ ሐዘን ገብቶበታል። ፊደል ያልቆጠረም ሰው ይረዳዋል። አረቄ ቤት ግን ምልክት የለውም። የሚፈልገው ሰው ራሱ ያውቀዋል።

ባለፈው ክረምት እናቴን ልጠይቅ ወደ ደምበጫ አካባቢ ስሄድ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆሙኝ። የዕድራችን ዳኛ ናቸው። «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ። ለወረዳው ማመልከቻ ጻፍልን። አረቄ በአዋጅ ይከልከልልን» አሉኝ። «እሺ፣ አያ» አልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ስቀመጥ ግን የመጀመሪያው መስመር ላይ ቆምኩ። ማን ይከልክል? የቱን መጠጥ? የማንን ቤት?

ይህ ጽሑፍ ማመልከቻውን ከመጻፌ በፊት ያደረግሁት ማነጻጸር ነው። ዕድር ውስጥ ላላችሁ፣ ቀበሌ ውስጥ ለምትሠሩ፣ ወይም አዲስ አበባ ሆናችሁ «አገራችንን እናድን» ለምትሉ የተወላጆች ኮሚቴዎች ይጠቅም ይሆናል። (የመጨረሻዎቹን በተለይ እለምናለሁ። ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወርዳችሁ እዩ።)

መጀመሪያ መጠጡን እንለይ

«መጠጥ ይከልከል» የሚል ሰው ጠላውንም ቢራውንም አረቄውንም አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የቤት ጠላ የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 በመቶ ነው። አረቄ ወደ 40 በመቶ ይጠጋል፤ ዳግም የወጣው ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። አንዲት መለኪያ አረቄ ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ጠላ ጋር ብትተካከል አይግረማችሁ። ጠላው ግን ሆድ ይሞላል፣ ጠጪው መሀል ላይ ያወራል፣ ይወጣል፣ ይገባል። አረቄው በአንድ ትንፋሽ ያልቃል።

ጠላ ደግሞ ኑሯችን ውስጥ የገባ ነገር ነው። ደቦ ያለ ጠላ አይወጣም። ማኅበሩ፣ ሰንበቴው፣ ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ተዝካሩ፣ ሁሉም ጋን ይፈልጋል። አንድ ወጣት አስተማሪ በስብሰባ ላይ ተነስቶ «ጠላም አብሮ ይከልከል» ሲል ሰምቻለሁ። ከኋላ አንድ ቄስ «ታዲያ የሚካኤልን ማኅበር በምን ልንጠጣ ነው፣ በሚሪንዳ?» አሉት። ስብሰባው በሳቅ ተበተነ። ሳቁ ግን የጎዳው የአረቄውን ጉዳይ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ያመጣ ሰው ሁለቱንም ያጣል።

አረቄ እንዴት እንደሚወጣ ያላየ ሰው ስለ ክልከላ ባይናገር ደስ ይለኛል። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን እታለም ቤት እሳት አቀጣጥል ነበር። ጌሾው ተወቅጦ ከብቅል ጋር ይጠነሰሳል። የዳጉሳና የበቆሎ ቂጣ ተጋግሮ ይገባበታል። ድፍድፉ ሲደርስ በትልቅ ማሰሮ ይጣዳል። እንፋሎቱ እንዳያመልጥ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ከዚያ በሸምበቆ ቧንቧ ወጥቶ፣ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። ውሃው ሲሞቅ መቀየር የኔ ሥራ ነበር። የባሕር ዛፉ ጭስ ዓይኗን እንደ በርበሬ ያቀላዋል። ወደ ማታ ጠብታው ሲቀጥን ጣቷን ነክራ ትቀምስና «በቃ፣ ውሃ ሆነ» ትላለች። አተላው ለበሬዎቹ፣ አረቄው ለጀሪካኑ። ከዚያ ጀሪካን ሦስት ልጆች ደብተር ገዝተዋል። አንደኛው ዛሬ ነርስ ነው።

የእታለም ባል ደግሞ የእሷኑ አረቄ ጠጥቶ እሷኑ ይመታት ነበር።

እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ያቃተው ሰው የትኛውንም ምርጫ ባይመርጥ ይሻላል።

ከላይ የሚመጣ ክልከላ

ጥሩ ጎኑ ግልጽ ነው። አንድ ሕግ ለሁሉም ይሆናል። አንዱ ቀበሌ ዘግቶ አጠገቡ ያለው ቢከፍት የሚባል ጣጣ የለም። ሽማግሌው ከጎረቤቱ ጋር አይጣላም፤ «ሕግ ነው፣ ምን ላድርግ» ይላል። የእኛ የዕድር ዳኛም የፈለጉት ይህንን ይመስለኛል። አልፈርድባቸውም። ከእታለም ጋር በአንድ ጥምቀት፣ በአንድ ሐዘን የሚገናኙት እሳቸው ናቸው።

የሌሎች አገሮች ልምድ ግን ያስጠነቅቃል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አስካሪ መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕገ መንግሥት ደረጃ ከለከለች። በጉበት በሽታ የሚሞተው ሰው ቀንሶ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ድብቅ መጠጥ ቤት በየጥጉ ፈላ። ለፋብሪካ ሥራ እንጂ እንዳይጠጣ ሆን ተብሎ የተመረዘ አልኮል እየተሰረቀ ይሸጥ ስለነበር የሞተው ሰው ብዙ ነው። የሚገርመው፣ ያ ሁሉ ጥብቅ ሕግ ለቅዳሴ የሚሆነውን ወይን ፈቅዶ ነበር። የእኛ ቄስ የሚሪንዳውን ነገር ሲያነሱ ያላወቁት የቆየ ክርክር ውስጥ ገብተው ነበር ማለት ነው። ፊንላንድም እ.ኤ.አ. በ1919 ከልክላ በ1932 ተወችው። ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ከአሥሩ ሰባቱ ያህል «ክልከላው ይቅር» ብሏል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው የህንዱ ነው፤ ገበሬ የበዛበት፣ መጠጡም በየጓዳው የሚወጣ። የቢሃር ግዛት እ.ኤ.አ. በ2016 መጠጥን ሙሉ በሙሉ ከለከለች። ጥያቄው የመጣው ከሴቶቹ ነው። በኋላ የተደረገ ጥናትም በሚስቶች ላይ የሚደርሰው ድብደባ እንደቀነሰ አሳይቷል። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እታለምን ለሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። በሌላ በኩል ፍርድ ቤቶቹ በመጠጥ ክስ ተጥለቀለቁ። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳራን በሚባል አውራጃ የተመረዘ መጠጥ ከ70 በላይ ሰው ጨረሰ። ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልከላ ባለባት በሌላዋ የህንድ ግዛት በጉጃራትም በዚያው ዓመት ከ40 በላይ ሰው እንዲሁ ሞቷል።

ስለ መርዙ አንድ ነገር ልበል፤ ሰው ይሳሳትበታል። ከእህል የሚወጣ የቤት አረቄ በራሱ ሜታኖል የሚባለው መርዘኛ አልኮል በብዛት የለበትም። ገዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ሻጭ ለማብዛት ብሎ የሚጨምረው የፋብሪካ ኬሚካል ነው። ዛሬ አረቄ የምትገዛው ከእታለም ነው፤ ቤቷን ታውቃለህ፣ እሷም ልጆችህን ታውቃለች። ከተከለከለ በኋላ የምትገዛው በሌሊት በሃይላንድ ቀድቶ ከሚያመጣ፣ ነገ ከማታገኘው ሰው ነው።

ክልከላ ለአገራችንም አዲስ አይደለም። አፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨሰውን ከንፈሩን፣ ሱረት የሚስበውን አፍንጫውን ያስቆርጡ ነበር ይባላል። ከዚያ የጠነከረ ሕግ ማውጣት የሚችል ወረዳ የለም። ትምባሆው ግን ይኸው አለ።

ይህን ስል የላይኛው ሕግ አይጠቅምም ማለቴ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የመጠጥ ማስታወቂያንም ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ አውርዷል። ይህን ዕድር ሊያደርገው አይችልም። የእኛ ዕድር ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ምን ሥልጣን አለው? ከላይ መምጣት ያለበት ነገር እንዲህ ያለው ነው፤ ማስታወቂያ፣ ፋብሪካ፣ ታክስ፣ ጠጥቶ ማሽከርከር፣ ዕድሜ። የቀረው ነው የሚያከራክረው።

መንደሩ ራሱ ሲወስን

ይህ ምርጫ «ይፈቀድ» ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። መንደሩ ከአዋጁ የጠበቀ ነገር ሊወስን ይችላል። ልዩነቱ ወሳኙ ማን እንደሆነና ውሳኔው ሲበላሽ ማን እንደሚያስተካክለው ነው።

ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባወጣችው ሕግ እያንዳንዱ አካባቢ ድምፅ እንዲሰጥ አድርጋለች። ምርጫው ሁለት ብቻ አልነበረም፤ ባለበት ይቀጥል፣ የመጠጥ ቤቱ ቁጥር ይቀነስ፣ ወይም ጨርሶ ይዘጋ። ለመዝጋት ግማሽ ሲደመር አንድ አይበቃም ነበር፤ ድምፅ ከሰጠው ሰው 55 በመቶው መስማማት ነበረበት። ብልህ ነገር ነው። በአንድ ድምፅ ብልጫ የተዘጋ አረቄ ቤት በሳምንቱ ይከፈታል። የአሜሪካዋ አላስካ መንደሮች ደግሞ ከዝርዝር ይመርጣሉ። አንዱ መሸጥን ብቻ ይከለክላል። ሌላው ከውጭ ማስገባትንም ይጨምራል። ሦስተኛው ቤት ውስጥ መያዝንም።

እኔን የማረከኝ ግን የህንዷ ማሃራሽትራ ነው። እዚያ የመንደር መጠጥ ቤት በሴቶቹ ድምፅ ሊዘጋ ይችላል። ማንበብ ለማይችሉት ሲባል የድምፅ ወረቀቱ ላይ ሁለት ሥዕል ተሳለ፤ የቆመ ጠርሙስና የተጋደመ ጠርሙስ። የተጋደመውን ያለች «ይዘጋ» አለች ማለት ነው። ይህን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ የእኛ ጣሳ ነው። እኛ እኮ ምልክቱ ድሮም አለን! ለዚህ ሥራ አላዋልነውም እንጂ።

ቤታችንም ልምድ አለ። የግጦሽ መሬት ደንብ ያላቸው ቀበሌዎች ስንት ናቸው? ያለ ወቅቱ ከብት የለቀቀ ይቀጣል፤ ፖሊስ ሳይጠራ። ዕድሩም «ቅጣት ያልከፈለ» ሲል ሰው የሚሰማው እስር ፈርቶ አይደለም። ማን ይቀብረኛል ብሎ ነው። የንስሐ አባት «እስከ ፋሲካ እንዳትቀምስ» ብሎ ሲያዝ ከአዋጅ በላይ የሚከብድበት ሰው ሞልቷል። ጎጃም ባይሆንም ከባሕር ዳር ሩቅ ያልሆነው የአውራ አምባ ማኅበረሰብም አለ። መጠጥ የለም ተባብለው የሚኖሩት ራሳቸው መርጠው ነው፤ ያዘዛቸው የለም።

አሁን ደግሞ ክፉ ጎኑ። ይህን የሚደብቅ መመሪያ አትመኑ።

አንደኛ፣ «መንደሩ ወሰነ» ሲባል ብዙ ጊዜ የወሰኑት ዋርካው ሥር ፊት ለፊት የተቀመጡት ወንዶች ናቸው። እኔ በነበርኩበት ስብሰባ ሴቶቹ ከኋላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ማታ ጠላ ቤት ቁጭ ብለን አንዷን ስጠይቃት ምን አለችኝ፤ «የምሸጠውም እኔ ነኝ፣ የምደበደበውም እኔ ነኝ። ማን ጠየቀኝ?»

ሁለተኛ፣ የደሃዋ ጀሪካን ይደፋል፣ አስፋልት ዳር ያለው የባለሀብቱ ግሮሰሪ ይቀጥላል። ቢራው ፍሪጅ ውስጥ ስለሆነ ይሁን ባለቤቱ ለቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ስለሰጠ እንጃ። ይህ በብዙ ቦታ የሚሆን ነው፤ የውሳኔውን ክብር የሚገድለውም ይኸው ነው።

ሦስተኛ፣ ድንበር። ቀበሌው ዘግቶ ወንዝ ማዶ ያለው ከከፈተ ጠጪው ይሻገራል። ማታ ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ይጠብቀዋል። ክረምት ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ዝም ብሎ መተው

ይህም ምርጫ ነው፤ አብዛኛው ቀበሌ የመረጠው ይህንኑ ነው። ወጪ የለውም ይባላል። ወጪውን የሚከፍሉት እነማን እንደሆኑ ከላይ ተናግሬያለሁ።

ጎን ለጎን ስናያቸው

ፍጥነት ከፈለጋችሁ አዋጅ ይቀድማል። አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ማኅተም። የመንደር ውሳኔ ወራት ይፈጃል፤ ጭቅጭቁም ያደክማል። ግን ሳይሠራ ሲቀር አዋጁን ለማንሳት ማንን ትጠይቃላችሁ? የመንደሩን ውሳኔ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ዋርካ ሥር መቀየር ይቻላል። በእኔ ሚዛን ትልቁ ልዩነት ይህ ነው።

አስከባሪውን በተመለከተ አዋጅ ሚሊሻና ፖሊስ ይፈልጋል። ሚሊሻው ራሱ ጠጪ ከሆነ ደግሞ ሕጉ የጉቦ መሰብሰቢያ ይሆናል። መንደሩ ያወጣውን ደንብ የሚያስከብረው ዓይን ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ያያል። ይህ ጥሩም ነው፣ መጥፎም ነው። ቂም ያለው ሰው «እገሊት ቤት ጭስ አየሁ» ብሎ ለመክሰስ አይቸገርም።

ገቢን በተመለከተ ሁለቱም ካላሰቡበት እኩል ክፉ ናቸው። አረቄ የምታወጣ ሴት የምታጣው ጀሪካኑን ብቻ አይደለም። ለከብት ማድለቢያ የምትጠቀምበት አተላም አብሮ ይሄዳል። መንደሩ ግን አዋጅ የማይችለውን አንድ ነገር ይችላል። መሸጥን ከማውጣት ለይቶ ማየት። አሜሪካ ውስጥ ጃክ ዳንኤልስ የሚባለው ውስኪ የሚወጣበት አውራጃ ራሱ መጠጥ የከለከለ ሆኖ ረጅም ዘመን ኖሯል። ያወጡ፣ ውጭ ይልኩ ነበር፤ እዚያው ግን አያስጠጡም ነበር። እታለም በጀሪካን ለከተማ ነጋዴ ብታስረክብና ቤቷ ውስጥ መለኪያ መቅዳት ብታቆም ልጆቿ ደብተር ያገኛሉ፤ ባሏ ግን ከሰካራም ጓደኞቹ ጋር እቤቱ አይቀመጥም። ራስን ማታለል ነው የሚል አለ፤ ችግሩን ወደ ባሕር ዳር መላክ ነው ይላል። እውነት አለው። ለመጀመሪያ ዓመት ግን ከመደፋት ይሻላል ባይ ነኝ።

የቱ ለማን?

ቀበሌያችሁ ውስጥ የተመረዘ መጠጥ ሰው ከገደለ፣ ወይም ሻጩ ከውጭ የመጣ ነጋዴ ከሆነ አትጠብቁ። ፖሊስና ጤና ጣቢያ ዛሬውኑ ይጠራ። ይህ የስብሰባ ጉዳይ አይደለም።

ችግሩ የአረቄ ሆኖ ሻጮቹ የራሳችሁ እናቶችና እህቶች ከሆኑ የመንደር ውሳኔ ምረጡ። እኔ የመረጥኩት ይህንን ነው። ጠላውን አትንኩ፤ ለልጅ አይቀዳ፣ ከመሸ አይሸጥ ማለት ይበቃል። ስለ አረቄው ድምፅ ስጡ፤ እጅ በማውጣት ግን አይሁን። ሚስት ባሏ እያየ እጇን አታወጣም። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ባቄላና አንድ ሽንብራ ስጡት። ባቄላ «ይዘጋ»፣ ሽንብራ «ይቆይ»። አፉ የጠበበ እንስራ ጓዳ ውስጥ ይቀመጥ፣ አንድ በአንድ ገብቶ የመረጠውን ይጣል። ከሦስት ሁለቱ ካልተስማማ አይዘጋ። ከተዘጋ ከግሮሰሪውም ጠንካራ መጠጥ ይውጣ። ከዕድሩ ሣጥን ለሻጮቹ ብድር ይታሰብ፤ ለበግ ማሞከት ይሁን ለሌላ፣ እነሱ ይንገሯችሁ። አንድ ገበያ ከሚጋሩት ቀበሌዎች ጋር ደግሞ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ዓመት ሲሞላ እንደገና ይመረጥ።

ሰው ጨርሶ የማይተማመንበት፣ ሽማግሌውም ቀበሌውም የተናቀበት ቦታ ከሆነ ግን የእኔ ባቄላና ሽንብራ አይሠራም። እዚያ የወረዳ ደብዳቤ ይሻላል፤ ባይሠራም ጎረቤት አያጣላም።

ማመልከቻውን እንዲህ አድርጌ ጻፍኩት፤ ወረዳው አረቄን እንዲከለክል ሳይሆን ቀበሌው የሚወስነውን ደንብ በማኅተም እንዲያጸናለት። ለዕድሩ ዳኛ አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ሲያልቅ ዝም አሉ።

«ሴቶቹም ይቆጠራሉ?» አሉ በኋላ።

«ይቆጠራሉ፣ አያ። አውጪዎቹም ሳይቀሩ።»

ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረጉ። «ስብሰባው መቼ ነው ያልከው?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ አይሆንም» አሉ። «ቅዳሜ ገበያ ነው፤ እነሱ ይሸጣሉ። ሰርዝና ማክሰኞ በለው።»

ሰረዝኩና ማክሰኞ አልኩት።